ቁልፉ ማን ጋር ነው?

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ያደግንበት ቤት የቀበሌ ነበር። ኪራዩ በወር ሰባት ብር ከሃምሳ። አባቴ ደረሰኙን እየተቀበለ ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለ ሽቦ ይሰካዋል። ሽቦው ሲሞላ አውልቆ በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይከተውና ሌላ ሽቦ ይሰቅላል። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ውጡ» ቢለን የምንከራከርበት ወረቀት እሱ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን መጥቶ ውጡ ያለን የለም። መጥቶ ጣሪያውን የጠገነልንም የለም።

ቤቱን ያሠሩት ሴትዮ ከእኛ ጥቂት ቤት አልፈው ይኖሩ ነበር። እትዬ ነው የምንላቸው። ጠጅ ጥለው፣ ቅቤ ነግደው፣ ያገኟትን ሳይበሉ አጠራቅመው አራት ቤት አቁመዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ አንዱ ለመኖሪያቸው ተተወላቸው፤ ሦስቱ ተወረሱ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር እንዲሆኑ ስለተደለደለ የእትዬ ጭቃ ቤቶች ሁሉም የቀበሌ ሆኑ። ኪራዩም ተቀነሰ። እናቴ እስከ ዛሬ «በእሱ ቅናሽ ነው ለእናንተ ጫማ መግዛት የጀመርኩት» ትላለች፤ እውነቷን ነው፤ ጫማ ያደረግነው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሚገርሙት እትዬ ናቸው። ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ ጭቃና ጭድ ያስረግጣሉ። የራሳቸውን ቤት መርገው ሲጨርሱ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ወደ እኛ ይመጡና ግድግዳውን በመዳፋቸው ይደባብሳሉ። «ይሄ ማዕዘን ውሃ ጠጥቷል፤ ዘንድሮ ካልተመረገ ይወርዳል» ብለው እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። እናቴ ታፍራለች። አባቴ በአዋጁ የሚያምን ሰው ስለነበር ይብሱን ያፍራል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የቀበሌው ሥራ ነው» ይላቸዋል።

«እሺ ልጄ። ቀበሌው እስኪመጣ እኔ ልያዘው» ይላሉ፤ ጭቃውን እየለጠፉ።

ቀበሌው አልመጣም። እሳቸው እስከሚችሉት ድረስ መረጉ፤ ጉልበታቸው ሲከዳቸው እኛን ልጆቹን አዘዙን፤ እኛ አድገን ስንበተን ማዕዘኑ ወረደ። አዋጁ ወረቀቱን ወሰደባቸው እንጂ እጃቸውን ማስቆም አልቻለም ነበር። እኛ ደግሞ ወረቀቱ አለን፣ እጁ ግን አልመጣልንም። አባቴ በዚያ ቤት ውስጥ ሲኖር አንድ ምስማር በራሱ ገንዘብ ገዝቶ መምታቱን አላስታውስም። ንፉግ ስለነበር አይደለም፤ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ማን ያውቃል ነገ ለሌላ ይሰጡት ይሆናል እያለ ነው።

ይህን ስል የድሮውን ባለቤትነት ላሞግስ አይደለም። ሆሳዕና ስትቆረቆር የማን ከተማ እንደነበረች የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል። ዋቸሞ በሚባለው ቦታ ራስ አባተ ቧያለው የሰፈሩት በ1890ዎቹ ማብቂያ ሲሆን፣ የገቡበት ቀን ሆሳዕና ስለነበረ ከተማዋ በዚያ ተሰየመች ይባላል። ቤቱን የያዘው ከሰሜን የመጣው ሹምና ወታደር፣ ኋላም ነጋዴው ነው። በዙሪያዋ ያለው የሀዲያና የከምባታ ገበሬ ገባር ሆኖ ማሩን፣ ቅቤውን፣ ማገዶውንና ጉልበቱን ለዚያ ቤት አቀረበ። የአባቴ አባት በገበያ ቀን ወደ ሆሳዕና የሚገቡት በአህያ ጭነው ነው፤ ሲመሽባቸው የሚያድሩበት ቤት ስላልነበራቸው ከአህያቸው ጋር ደጅ ያድራሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲታወጅ እኚህ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ እንዳልተኙ ይተረካል። አባቴ የጭሰኛ ልጅ ነው። በአዋጅ ማመኑ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

እትዬ ግን ባለርስት አልነበሩም። ጠጅ ሻጭ ነበሩ። አዋጁ ሁለቱን ለመለየት ጊዜ አልነበረውም።

የእናቴ እናት አገር ከምባታ ነው፤ ከዱራሜ ወጣ ብሎ የሀምበሪቾ ተራራ ሥር። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚያ እንላካለን። የአያቴ ቤት ትልቅ ክብ ሣር ቤት ነው። መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ በአንዱ በኩል ከብቶች፣ በሌላው እኛ፣ መካከል ላይ እሳት። ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ሣሩን ከነቀዝና ከምስጥ የሚጠብቀውም እሱ ጢስ ነው። ጓሮው እንሰት ነው። ከተማ ያደገ ልጅ እንሰቱን እንደ ጫካ ያየዋል፤ አያቴ ግን እያንዳንዱን በዕድሜው ታውቀዋለች። ይሄ ዘንድሮ የፈላ፣ ያ አምና የተዛወረ፣ ያኛው ለመፋቅ ሁለት ዓመት የቀረው። እንሰት ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዱ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በየዕድሜው የተሰለፈ እንሰት ጓሮው ያለ ሰው ዝናብ ቢቀር፣ በቆሎ ቢደርቅ፣ ቆጮ አያጣም። በ1977 አገሩ ሁሉ ሲራብ አያቴ ጎረቤት ታበላ ነበር። ሀብት ማለት ለእሷ ይህ ነው። ባንክ ቤት በሩ በየት በኩል እንደሆነ ሳታውቅ ሞተች።

ይህን ሁሉ የምትተክለው፣ የምታዛውረው፣ የምትፍቀው እሷ ሆና ሳለ ቤቱም መሬቱም በእሷ ስም አልነበረም። አያቴ ሴት ነቻ! ሴት በባሏ ቤት ትኖራለች። አያታችን በሞቱ በአርባ ቀናቸው የባሏ ወንድሞች መጥተው ጓሮውን ዞረው ሲያዩ ትዝ ይለኛል። ለለቅሶ የመጣ ሰው እንሰት አይቆጥርም። እነሱ ይቆጥሩ ነበር። አያቴ ቡና አፍልታ አጠጣቻቸው፤ ምንም አላለችም፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ ግን ማረሻውን አምጥታ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው።

መሬቱን ሳትነጠቅ የቆየችው በሕግ አልነበረም፤ በምላሷና በዕድሜዋ ነው። ሕጉ የደረሰላት ዘግይቶ ነው። በደቡብ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ከ1997 ገደማ ጀምሮ ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶግራፋቸውም ጭምር አንድ ላይ እንዲሰፍር ተደረገ። ባል የሞተባትም በራሷ ስም አገኘች። አያቴ በሕይወቷ ፎቶ የተነሣችው ለዚያ ደብተር ነው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አፏን ጥርቅም አድርጋ፣ ካሜራውን እንደ ባሏ ወንድሞች እያየችው። ደብተሩን ለማንም አታሳይም ነበር። እኔ ያየሁት ከቀብሯ በኋላ ነው።

ከምባታ ውስጥ የሴት ነገር በአደባባይ እንዲወራ ያደረጉትን ዶክተር ቦጋለች ገብሬን እዚህ ላይ አለማንሣት ይከብዳል። በ1990 ገደማ እህታቸውን ይዘው የመሠረቱት ድርጅት በግርዛትና በጠለፋ ላይ ባካሄደው ዘመቻ ይታወቃል። በየመንደሩ ዛፍ ሥር የተጀመረው ውይይት ግን በዚያ አላበቃም፤ ሴት መሬት ትውረስ አትውረስ የሚለውም አብሮ ተነሣ። የራሷ የምትለው ቦታ የሌላት ሴት የት ሄዳ እምቢ ትላለች? ዶክተር ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. አረፉ።

ከዚያ ደቡብ አፍሪካ መጣች።

ስደቱ የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለምን ከሌላው አገር ይልቅ ከሀዲያና ከከምባታ በዛ ለሚለው ሰው ሁሉ የየራሱ መልስ አለው። አንዱ በዚያ ዘመን ፕሪቶሪያ የነበሩት አምባሳደር የአገራችን ሰው ነበሩ ይላል። ሌላው ሆሳዕና መጥቶ የሰበከ የውጭ አገር ወንጌላዊ ወደ ደቡብ በር ይከፈታል ብሎ ተንብዮ ነበር ይላል። እኔ የመሬቱን መጥበብ አስቀድማለሁ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 500 ያህል ሰው ይኖር ነበር። አያቴ ለአምስት ልጅ ያካፈለችው ጓሮ ለልጅ ልጆቿ ሲደርስ ለአንድ ሰው ጥቂት እግር እንሰት ሆነ። ያን ይዘህ ምን ትሆናለህ? ሞያሌን ትሻገራለህ።

መንገዱን የማያውቅ የለም። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። መጋቢት 2012 በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ አንድ የጭነት መኪና ሲቆም ኮንቴይነሩ ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያ ሰሞን በእኛ በኩል ስልክ ያልተነሣለት ሁሉ ድንኳን ሊጥል ደርሶ ነበር። የደረሰው ደግሞ ጆሐንስበርግ ጂፒ የሚባለው የገበያ ጎዳና ላይ ዕቃ ያወጣል፣ ወይም ሎኬሽን የሚሉት የከተማ ዳር ሰፈር ገብቶ ሱቅ ይከፍታል፣ በ2000 ዓ.ም. እና በ2007 እንደሆነው ሱቁን ይዘርፉታል፣ እንደገና ይከፍታል። ያ ሁሉ ሲሆን በዓይነ ኅሊናው የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ሆሳዕና ላይ ወይም ዱራሜ ላይ ወይም ሺንሺቾ ላይ የሚቆም ፎቅ።

ፎቁም ቆመ። በ1987ቱ ቆጠራ ወደ 32 ሺህ ሰው የነበረባት ሆሳዕና በ1999 ወደ 70 ሺህ ደረሰች፤ ዛሬማ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። እትዬ ጭቃ ያስረገጡበት ቦታ ላይ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ጂ ፕላስ ሦስት ቆሟል። ሳየው ልቤ ደስ አለው፤ አልዋሽም። የእኛ ልጅ ነው ያሠራው።

የልጅነት ጓደኛዬ ታናሽ ወንድም ሕንፃ ነው። ባለፈው መስቀል ስሄድ ልየው ብዬ በሩን አንኳኳሁ። ምድር ቤቱ የስልክ መለዋወጫ ሱቅና ፀጉር ቤት ነው። ወደ ላይ መውጫው ተቆልፏል። «ቁልፉ ማን ጋር ነው?» አልኩ። የአክስታቸው ልጅ ጋር ነው ተባልኩ። እሱ ሲገኝ ሁለተኛውን ፎቅ ብቻ ከፈተልኝ፤ የሦስተኛው ቁልፍ ጆሐንስበርግ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ሳሎን ሶፋው ከነላስቲኩ ነው፤ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል። ጣሪያው ላይ የውሃ እድፍ አየሁ።

«ያፈሳል እንዴ?»

«ከላይ ነው የሚመጣው። እሱ ሲፈቅድ እንሠራዋለን። ውክልናው ወንድሙ ጋር ነው፤ ወንድሙ ደግሞ ከእሱ ጋር አይነጋገርም።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። በአንዱ ገንዘብ ተሠርቶ በሌላው ስም ካርታ የወጣ ቤት ብዙ ወንድማማች አቆራርጧል፤ ፍርድ ቤት አካባቢ ሻይ የሚጠጣ ሰው ይህን ከጠበቃ እኩል ያውቀዋል።

አባትየው የሚኖሩት ግቢው ውስጥ፣ ከኋላ፣ ሰርቪስ ቤት ነው። ድንክ አልጋ፣ ሬዲዮ፣ መጽሐፍ ቅዱስ። «አባባ፣ ለምን ላይ አይኖሩም?» አልኳቸው። «ምን አጠፋሁ? ደረጃውን ማን ይወጣዋል? ደግሞም ሶፋውን አቆሽሻለሁ ብዬ እፈራለሁ» አሉ። ሕንፃው የማን ነው የሚላቸው መንገደኛ ሲያልፍ «የልጄ» ይላሉ፤ ደረታቸው ይነፋል። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ልጃቸውን አላዩትም። ወረቀት የለውም፤ ከወጣ አይመለስበትም። በቪዲዮ ያወራቸዋል። ሲያወራቸው ስልኩን ወደ ሕንፃው አዙረው ያሳዩታል።

እንግዲህ ባለ ንብረት ሆነን ደስታችን ጨመረ ወይ ለሚል ጠያቂ እኔ ያለኝ መልስ ይህ አዛውንት ነው። የቀበሌ ተከራይ ሳሉ ከነበራቸው ይልቅ ዛሬ ኩራታቸው በዝቷል፤ እንቅልፋቸው ቀንሷል። ልጁ ደግሞ ቤት አለው፤ የሚኖርበት ግን ሱቁ ውስጥ፣ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ነው። ሰው በሚኖርባቸው ሌሎቹ ሕንፃዎች ውስጥ በትክክል እየኖረ ያለው ከውሉ በላይ ዋስትና የሌለው ተከራይ ነው። እሱም አላረፈም። ክልሉ ሲመሠረት ቢሮው፣ ሠራተኛው፣ ስብሰባው ወደ ከተማዋ ሲገባ አንድ ክፍል ሰርቪስ መምህር የሚያለቅስበት ዋጋ ደረሰ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ በሚወሰነው ልክ እንዲሆን ይላል። ደላላው አዋጁን አንብቦታል፤ ተከራዩ ገና ነው።

አሁን ወደ ሣር ቤቱ ልመለስ።

የአያቴ ቤት የለም። አጎቴ በቆርቆሮ ቀይሮታል፤ አልወቅሰውም። ሣር የሚታጨድበት ሜዳ ታርሷል፣ ቤት በሣር መክደን የሚችሉ ሰዎችም በጣት ይቆጠራሉ፤ ቆርቆሮ ደግሞ እሳት አይፈራም፣ በየጊዜው ክደነኝ አይልም። ሣር ቤት የሚገኘው አሁን ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው። ሆሳዕና በአንዱ ገብቼ አታካና አዘዝኩ፤ ቡላው በቅቤ ተንተክትኮ መጣ፤ ጥሩ ነው። ምሰሶው ተወልውሏል፣ ግድግዳው ላይ ጋሻና የእንሰት መፋቂያ ተሰቅሏል፣ እሳት የለም፣ ስለዚህ ጢስም የለም፣ ስለዚህ ሣሩ ቶሎ መበስበሱ አይቀርም። ግቢው ውስጥ ጣሪያውን የሚያድሱ ሽማግሌ አገኘሁ።

«ለራስዎ ቤትስ እንዲህ አድርገው ከድነዋል?»

«ለራሴ ቆርቆሮ ነው» አሉ እየሳቁ። «ሣር ለሀብታም ነው።»

ይህ ቀልድ ነው፤ ግን የቱሪዝም ነገር ሲነሣ በየአገሩ የሚደርሰው ይኸው ነው። ሰው የኖረበት ቤት ሊታይ የሚገባው ነገር ሲሆን ባለቤቱ ወይ ትዕይንት ይሆናል፣ ወይ እንቅፋት። ላሊበላን እዩ። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ዙሪያቸውን ከበው የቆሙት የላስታ ክብ የድንጋይ ቤቶች አብረው የሚደነቁ ነበሩ። ኋላ ግን ፍሳሹና ጢሱ ለቅርሱ ያሰጋል ተባለና በ2000ዎቹ ብዙ ነዋሪ ቁራቁር ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ። ምክንያቱ ውሸት አልነበረም። ካሳም ነበረ፤ አዲሱ ቤት መብራትና ውሃ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ያ ሰው ጠላ የሚሸጥበት፣ ለተሳላሚ ማደሪያ የሚሰጥበት፣ ቅዳሴ እየሰማ የሚነቃበት ደጅ ከእጁ ወጣ። ከተተዉት ቤቶች ጥቂቶቹ ለጎብኚ ሲባል ተጠብቀው ቀሩ፤ ሰው የለባቸውም። በሐረር ጀጎል ደግሞ ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተመዘገበው ግንብ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች እዚያው ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ የአያታቸውን ቤት ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ። እንግዳው መደቡ ላይ ይቀመጣል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ያያል፣ ሒሳቡን ለእመቤቲቱ ይከፍላል። ደስ ካላላት በሩን ትዘጋለች።

ቅርብ አገር ካስፈለገ ሀላባ አለ። ወደ ቁሊቶ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ግድግዳቸው ከውስጥም ከውጭም በሥዕል ያሸበረቀ ጎጆዎች አሉ። መኪና ይቆማል፣ ጎብኚው ይወርዳል፣ ልጆች ይሰበሰባሉ። ቤቱ የሚሠራው፣ የሚሣለው፣ የሚታየው በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ግን ለማን እንደሚሰጥ አይጠፋም፤ በሩ ላይ ቆሟል።

ሩቅ ካስፈለገ ደግሞ በቻይና አንሁይ ክፍለ ሀገር ሺዲና ሆንግሱን የሚባሉ ሁለት ጥንታዊ መንደሮች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድ ቀን፣ በአንድ መዝገብ የዓለም ቅርስ ሆኑ። ቤቶቹ ተመሳሳይ ናቸው። ሺዲን የመንደሩ ሰው ራሱ ባቋቋመው ኩባንያ ሲያስጎበኝ ኖረ። ሆንግሱንን ግን ከቤጂንግ የመጣ ኩባንያ በረጅም ዘመን ውል ያዘው። በሆንግሱን ጎብኚው በዛ፣ ትርፉም በዛ፤ ነዋሪው ግን በመግቢያ ትኬቱ ድርሻ ላይ ለዓመታት ሲከራከርና ሲያማርር ከረመ። በገዛ ቤትህ ደጅ ላይ ትኬት እየተቆረጠ አንተ በመስኮት ስታይ ደስ አይልም፤ ቻይናዊም ሁን ከምባታ።

ይህን የማነሣው ሀምበሪቾን እያሰብኩ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሚቆመው የአያቴ ተራራ የከምባታ ጎሣዎች የመነሻ አምባ፣ የባህላዊ መሪው የአባ ሳሬቾ መቀመጫ ነበር። እኛ ልጆች ሆነን እንጨት ለመልቀም እንወጣው ነበር፤ መንገዱ የፍየል ነው። ዛሬ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል። ወጣቶች በየሰንበቱ ይወጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ የእግር ኳስ ክለብም በስሙ ተጠርቶ ፕሪሚየር ሊግ ደርሶ ነበር። እሰየው ነው። እኔም ጉልበቴን እያማረርኩ ወጥቼዋለሁ። ከላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ የሚታየኝ እንሰት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ እንሰት። ያ ሁሉ ጓሮ የሰው ነው።

ጎብኚው ሲበዛ ሎጅ ይመጣል፤ መምጣቱ አይቀርም፤ ቢመጣም አልጠላም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም ይላል፤ ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፣ ለልማት ሲነሣ ደግሞ ካሳ። የሰኔ 2017ቱ አዋጅ የውጭ ዜጋ እንኳ ቤት እንዲኖረው ፈቅዷል። ታዲያ ካሳ ማለት እንሰቱ ተቆጥሮ ገንዘብ ተሰጥቶ መሄድ ነው። ገንዘቡ አንድ ሰሞን ነው፤ ግማሹ ሞያሌ ይደርሳል። የሚያዋጣው የተራራው ሥር ሰው እዚያው ሆኖ ክፍል እንዲያከራይ፣ ቆጮውንና አይቡን እንዲሸጥ፣ መንገድ እንዲመራ፣ ሎጅም ከተሠራ በማኅበር ባለ ድርሻ እንዲሆን ነው። ይህ ከባድ ሐሳብ አይደለም። የሺዲ ገበሬ ችሎታል።

ደቡብ አፍሪካ ላለኸው ወንድሜም አንድ ነገር ልበልህ። ሌላ ፎቅ ከመጨመርህ በፊት የሁለተኛውን ፎቅ ቁልፍ ለአባትህ አስረክባቸው። ሶፋው ይቆሽሽ፤ ሌላ ይገዛል። ውክልናውን ለማያነጋግርህ ወንድምህ ሳይሆን ቤቱን በየቀኑ ለምታየው እናትህ ወይም እህትህ ስጣት፤ ስሟም ካርታው ላይ ይግባ።

የዞኖቹ አስተዳዳሪዎች ደግሞ ከባለሀብት ጋር ለመፈረም የምትቀመጡ ቀን ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛ ወንበር አስቀምጡ፤ የሀምበሪቾ ሥር ነዋሪዎች ማኅበር ይቀመጥበት፣ ካልፈረመ ውሉ አይጽና። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በመስቀል ሰሞን ተራራውን ልትወጣ ስትሄድ መግቢያ ክፈል ከተባልህ ክፈል፤ ግን ገንዘቡ ማን እጅ እንደሚገባ ሳትጠይቅ አትለፍ።